እናቷ የምትመልስላት ልጅ

ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞልቷት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃታት እናቷ ተራዋን ስለነፈገቻት ነው። ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው፤ ሐኪም አይቶታል።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ቀጠሮ አታሳልፍም፤ መጠበቅም አትወድም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቁልፎችን በየቀለማቸው ትለያለች። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ «ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ ቆንጆ?» ሲላት፣ እናት ከስፌቷ ቀና ሳትል «አንደኛ ናት። ዓይን አፋር ናት፣ አትድከም» ትለዋለች። ልጅቷ ጣቷን ወደ ውሃው ከቀሰረች ውሃ ይቀዳላታል። የልጅቷ እርሳስ ሲንቀራፈፍ ማየት ስለማያስችላት የቤት ሥራውንም እናት ራሷ ትጽፈዋለች።

አንዲት የቆየች ደንበኛ ቀሚስ እየለካች፣ «አንቺዬ፣ ያንቺ ምላስ ጤፍ ይቆላል፤ ለዚች ልጅ ግን አንዲት ቃል አላተረፍሽላትም» አለቻት።

«እሷ እስክትናገር ብጠብቅ፣ ይሄን ቀሚስ ለልጅ ልጅሽ ሰርግ ነበር የምትለብሺው!»

ሁለቱም ሳቁ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ተደወለ። «ቅያሪ ልብስ ይዘው ይምጡ» ተባለች።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ ሽንቷ አምልጧት ነበር። እጇን አውጥታለች። አስተማሪዋ «ምን ፈለግሽ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃታለች። ልጅቷ ዝም። ከዚያ ልጆቹ ሳቁ።

እናት ስትደርስ ሌሎቹ ለእረፍት ወጥተዋል። ልብሷን ቀየረችላት። አስተማሪዋ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«ቅድም ምን ልትዪኝ ነበር የኔ እመቤት?»

«ፈርታ ነው» አለች እናት።

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

«ሽንቴ መጣ ልትል ነዋ! ሌላ ምን ትላለች?»

አስተማሪዋ ቀና አለች። «እህቴ፣ ደብተሯ ላይ ያለው ጽሕፈት የእርስዎ ነው። መልሱም የእርስዎ ነው። እኔ እኮ እርስዎን አልመዘገብኩም።»

እናት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ልጇን አየቻት። ልጅቷ አስተማሪዋን አላየችም፤ የእናቷን ከንፈር ነበር የምታየው። በሰው ፊት የተዋረደችበትን ነገር እንኳ ከእናቷ አፍ እስኪወጣ ትጠብቃለች።

የእናት ፊት ጋለ። ዓይን አፋር ናት እያለች ለደንበኛ ሁሉ ያወራችው ውሸት ነበር። ዓይን አፋርነቱን ለክታ የሰፋችላት እሷው ናት።

ብዙዎቻችን ከእሷ አንሻልም። ቸኩለን ለልጆቻችን እንናገርላቸዋለን፣ እንጽፍላቸዋለን፤ ኋላ ደግሞ አስተማሪውን «ምን ስትሠራ ነበር?» እንለዋለን። ልጅ አንደበቱ የሚፈታው ቃሉን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ የሚታገሠው ሰው ሲኖር ነው። ይህ ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዝም ማለት ብቻ ነው።

«እኔ... እጄን...» አለች ልጅቷ። ድምጿ ቀጥኖ ተቋረጠ። ዓይኗ እንደገና ወደ እናቷ ከንፈር ሄደ።

እናት ቀጣዩን ቃል ታውቀዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ነው።

«ለእሷ ንገሪያት። እኔ ደጅ ነኝ» አለቻት።

እርጥቡን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።