ከማማው በላይ

ያን ቀን አብረውኝ የነበሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። ሁለቱም ግን ስለዚያ ነገር አያወሩም።

ስለዚህ እኔ ላውራው። እንደሆነው አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ በግንቦት መጨረሻ፣ ከአመሻሹ አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ቦታው ካናዳ፣ የሳስካቸዋን ሰሜን፣ ከአንድ ሐይቅ ማዶ ያለው የጥድ ደን።

ጨለማ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። እኛ ጋ በዚያ ወር ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አትጠልቅም። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ከራሴ በላይ ካለው በቀር...

ስሜ ሌስያ ነው። እንቁላል በየመጠኑ ተለይቶ በሚታሸግበት ፋብሪካ እሠራለሁ። አባቴ ኦሲፕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወረቀት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አጋዘን ሲያድን ኖሯል፤ ድብ ግን አድኖ አያውቅም።

እናቴ በሞተች በዓመቱ "አንድ ጊዜ እንሂድ። ከአንቺ ጋር" አለኝ።

ከቀብሯ ወዲህ ከእኔ የጠየቀው ነገር ይሄ ብቻ ነበር። እንዴት እምቢ ልበለው?

ሦስት ወር ተዘጋጀን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ እየወሰደ አስተኮሰኝ። ልብሳችንን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበን ውጪ አሰጣነው። ሽቶዬን ነጥቆ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው።

"ድብ እኮ የትናንት ሽንኩርትሽን ዛሬ ያሸታል" ይለኝ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው።

የአደን መሪያችን አልሲድ ይባላል። እዚያው ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ስልሳውን ያለፈ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

"እንቁላል ለቃሚዋ አንቺ ነሽ?" አለኝ ገና ከመኪና ሳልወርድ።

"ለቃሚ አይደለሁም። ለይቼ ነው የማሽገው።"

"እሰይ። እዚህ ደግሞ ወንዱን ድብ ከሴቷ ትለያለሽ። ልጆች ያስከተለች እናት አትነካም። ከተሳሳትሽ አባትሽን ነው የማሽገው።"

አባቴ "እኔ በየትኛውም ካርቶን አልገባም" አለ፤ ሁለቱ ተያይተው ሳቁ።

አልሲድ አንድ የማይሽረው ደንብ ነበረው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ከአደኑ በፊት አንድ ሰዓት ዛፍ ላይ ባለው የማደኛ ማማ ይቀመጣል... ባዶ ጠመንጃ ይዞ። ለልምምድ።

"ድቡ ከእግርሽ ሥር ሲመጣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል" አለኝ። "የሚንቀጠቀጥ እጅና ጥይት አንድ ላይ አልወድም።"

ሌላም ነገር አስተማረኝ።

"ጥርሱን ሲያጋጭ ከሰማሽ ተቆጥቶ እንዳይመስልሽ። ፈርቶ ነው።"

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የካሜራውን ፎቶዎች ከፈተልን። ካሜራው ዛፍ ላይ ታስሮ፣ ማማለያው ምግብ ያለበትን በርሜል የሚጠብቅ ነው። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ራሱ ያነሳል።

ትልቅ ወንድ ድብ ነበር። ጥቁር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው።

አባቴ ዓይኑ በራ።

አልሲድ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። አንድ ቀን... ሁለት ቀን... ዘጠኝ ቀን። ድቡ በየአመሻሹ ይመጣል። በርሜሉ ሙሉ ነው፤ አጃ፣ ሞላሰስ፣ የደረቀ ዶናት።

አይበላም።

በሁሉም ፎቶ ላይ እንደ ውሻ በቂጡ ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል።

"ምንድን ነው የሚያየው?" አለ አባቴ።

"ማማውን።"

"ማማው ላይ ማን አለ?"

"ማንም የለም" አለ አልሲድ።

ቀልድ ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም።

ትንሽ ቆይቶ "ማማውን ስሠራ የተውኩት ሽታ ይሆናል" አለና ኮምፒውተሩን ዘጋው። "ለነገ ሌላኛውን ቦታ እናሰናዳለን። አንቺ ለልምምድ እዚህኛው ላይ ተቀመጪ፤ እኔና ኦሲፕ ማማለያውን ወዲያ እናደርሳለን። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።"

ባለ አራት ጎማው ሞተር ከኋላው ትንሽ ተጎታች አለው። እኔና አባቴ ከማማለያው ጆንያ ጋር እዚያ ላይ ተጫንን። መንገዱን ሙሉ ትንኝ በላን። ዓይናችን፣ ጆሯችን፣ አፋችን ውስጥ ገባ።

ማማው ሥር ስንደርስ አንድም ትንኝ አልነበረም።

አንድም።

እኔ ደስ አለኝ። አልሲድ ግን ዙሪያውን አየ።

ማማው ትልቅ ጥድ ላይ የታሰረ ወንበር ነው። አስራ ስድስት ደረጃ ያለው መሰላል አለው። ወጣሁ። አልሲድ ተከትሎኝ ወጥቶ መታጠቂያዬን ፈተሸ፤ ከትከሻዬ የተነሳውን ገመድ ከራሴ በላይ ግንዱ ላይ ቋጠረው። ብወድቅ እንዲይዘኝ ነው። ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየኝ።

አባቴ ከታች ኪሱን መታ መታ አደረገ። "ጥይቱ እኔ ጋ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ ትቀመጫለሽ። መገናኛ ሬዲዮውን አትዝጊ።"

ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ራቀ... ራቀ... ጠፋ።

ወፍ የለም። ነፋስ የለም። በርሜሉ ላይ የተረፈረፈውን ዶናት ቁራ እንኳ አልነካውም።

ድቡ ሲመጣ አልሰማሁትም። ዓይኔን ዞር አድርጌ ስመልስ እዚያው ነበር። ከዛፌ ስምንት እርምጃ ቢርቅ ነው።

እንደተማርኩት ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። አልተንቀሳቀስኩም።

ድቡ ቁጭ አለ። ቀና አለ።

እኔን የሚያየኝ መስሎኝ ነበር።

አልነበረም። ዓይኑ ከቆቤ በላይ ነው የሚያልፈው። አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ።

ከዚያ ያን ድምፅ ሰማሁ... ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ጥርሱን እያጋጨ ነበር።

ሬዲዮው ኮሌታዬ ላይ ተሰክቷል። ቁልፉን ተጭኜ በሹክሹክታ "አልሲድ..." አልኩ።

"እ፣ እንቁላሏ። መጣልሽ?"

"መጥቷል። ጥርሱን ያጋጫል።"

"ፈርቶሻል ማለት ነው። ጎበዝ።"

"እኔን አይደለም የሚያየው።"

"ወዴት ነው የሚያየው?"

"ከራሴ በላይ።"

አልሲድ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ "እየመጣን ነው። ቀና እንዳትዪ" አለኝ።

"ምን አለ?"

"አላውቅም። ቀና እንዳትዪ ብቻ።"

የቅርፊት ፍርፋሪ እጅጌዬ ላይ ወደቀ።

አንድ... ትንሽ ቆይቶ ሌላ...

ነፋስ ሳይኖር ዛፉ በጣም በቀስታ ወደ አንድ ወገን ዘነበለ። ጀርባዬ ከግንዱ ጋር ስለተጣበቀ ተሰማኝ። ከባድ ነገር ቦታ ሲቀይር እንደሚሆነው ነው።

ከዚያ ገመዴ ተነካ።

ጭልፊት፣ ጉጉት፣ ሽኮኮ... የማውቀውን ሁሉ በልቤ ጠራሁ። ገመዱ ግን በልኩ ተሳበ፤ ተለቀቀ። እንደገና ተሳበ፤ ተለቀቀ። ሰው የክራር ክር ሲሞክር እንደሚያደርገው።

ጠመንጃው ጭኔ ላይ ነበር፤ ባዶ። ከሥሬ ድብ። ከራሴ በላይ... እንጃ። እጄን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። መጮህ አልቻልኩም። እንባዬ ዝም ብሎ አገጬ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረግሁትም።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

የሞተሩ ድምፅ መጣ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። ሁለቱም በእግር ከዛፎቹ መሃል ብቅ አሉ። ስልሳ እርምጃ ያህል ይርቁናል። ድቡ ዘወር ብሎ እንኳ አላያቸውም።

አባቴ መጀመሪያ እኔን አየ።

ከዚያ ከእኔ በላይ አየ።

ፊቱ ተለወጠ ብዬ ብናገር አይገልጸውም። ሁሉ ነገር ከፊቱ ላይ ወጣ። ከዚያ በጣም በቀስታ እጁን አንስቶ ቆቡን አወለቀ። እናቴ መቃብር ላይ እንዳወለቀው።

ወዲያው ደግሞ ጠመንጃውን አነሳ። አልሲድ አፈሙዙን በመዳፉ ወደ መሬት ተጫነው። የሬዲዮው ቁልፍ በእጁ ተይዞ ስለነበር የሚሉት ይሰማኛል።

"ዝቅ አድርገው፣ ኦሲፕ።"

"ልጄ እኮ ናት።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝቅ አድርገው የምልህ።"

ከዚያ ለእኔ ተናገረ።

"ሌስያ፣ እኔን ብቻ እያየሽ ስሚኝ። ቢላሽን አውጪ። ገመዱን ትከሻሽ ጋ ቁረጪው። እጅሽን ወደ ላይ አታንሺ።"

"ድቡስ?"

"ድቡ ምንም አይልሽም።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ልጄ፣ ቁረጪው።"

ቢላውን አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ገዘገዝኩት። ተበጠሰ።

የተቆረጠው ጫፍ ትከሻዬ ላይ አልወደቀም።

በጉንጬ አጠገብ አልፎ... ቀስ እያለ... ወደ ላይ ሄደ።

ፊቴን ወደ መሰላሉ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። ደረጃዎቹን እቆጥር ነበር። አስራ አንደኛው ላይ ቆምኩ፤ አባቴ ከሩቅ "በርቺ፣ የኔ ልጅ" ሲል ሰማሁት። ድምፁ የሽማግሌ ነበር።

መሬት ረግጬ ዞርኩ። ድቡ አራት እርምጃ ላይ ነው። ትንፋሹ ይሸተኛል። ፀጉሩ ሁሉ ቆሟል። አላየኝም። ወደ ጎን ሸሸት ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ዓይኑን ግን ከዛፉ ላይ አላነሳም።

አልሮጥኩም። አልሲድ በእጁ ቀስ በይ እያለኝ ነበር።

አባቴ በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ።

ያን ምሽት ልብሳችንን እንኳ በትክክል ሳናጥፍ ወደ ቤት ነዳን። አልሲድ ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘን። ያንን ማማ ለማውረድ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የዚያን ወገን ደን ጨርሶ ትቶታል።

አባቴ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠ።

ከአንድ ወር በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠን ድንች ሲልጥ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ምን አየህ?"

"ቅርንጫፍ።"

"ለቅርንጫፍ ነው ቆብህን ያወለቅከው?"

ቢላውን አስቀመጠ። ድንቹን ግማሽ ተልጦ ተወው። ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም።

እኔም ግን ለሁለቱ ያልነገርኳቸው ነገር አለ።

ስንሄድ አባቴ ተጎታቹ ላይ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይዞኝ ነበር። ፊቴ ወደ ኋላ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ድቡ አሁንም ዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ አሁንም ወደ ላይ ያያል።

ከዚያ ጭንቅላቱ በቀስታ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ከወንበሩ በላይ... ወንበሩ ላይ... መሰላሉ መሃል... የመሰላሉ እግር ሥር...

መሰላሉ ላይ ማንም አልነበረም። በደንብ አየሁ። ማንም።

ድቡ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ። እኛን ግን አላየም። የሚያየው ከኋላችን ያለውን ባዶ መንገድ ነበር።

አልሲድ ፍጥነት ጨመረ።

የድቡ ዓይን መንገዱን ተከትሎ ይመጣ ነበር... እኛ በምንሄድበት ፍጥነት።