የመጀመሪያው ዱቄት

ሐጂ ኸባብ የሞቱት ሀብታቸው በተወለደበት ቤት ውስጥ ነው። መካነ ሰላም ላይ ሆቴል፣ ወደ ደሴና ወደ ወግዲ የሚመላለሱ አውቶቡሶችና ግንባታው የተጋመሰ የዘይት መጭመቂያ ነበራቸው። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ወድቀው የተገኙት ግን ከሁሉም በፊት ባቋቋሟት አሮጌ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮው የብረት እግር ሥር ነው። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተቀዷል።

ኢንስፔክተር ትህትና ላቀው ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ተንሸራትቶ የሚወድቅ ሰው የራሱን ኮሌታ አይቀድም። በጥፍሮቻቸው ሥር ግራጫ የድንጋይ ብናኝ አለ፤ አጠገባቸው ድንጋይ መውቀሪያ መዶሻ ተጋድሟል። የወፍጮው አፍ ገና ዱቄት እንደለበሰ ነው፤ ከሥሩ መኖር የነበረበት ጆንያ ግን የለም።

የፖሊስ አዛዡ በሩ ላይ ሆኖ በጭንቀት ይጠብቃታል።

«ሾፌራቸውን ይርዳውን ይዘነዋል» አላት። «ልብሱ በደም ተነክሯል። ትናንት ሐጂ ሰው ፊት የአውቶቡሱን ቁልፍ ቀምተውታል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«የጠፋ ጆንያ ቀረ» አለች ትህትና።

«ስሚኝ እንጂ። መናኸሪያው ይንጫጫል። ‹ክርስቲያኑ ሐጂን ገደለ› እየተባለ ነው። ቀብሩ ነገ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው፤ ሕዝቡ ከመቃብር ሲመለስ የሚሆነውን እኔ አላውቅም። እሱ ከሆነ እሱ ነው በይኝ፤ ካልሆነም ያደረገውን አምጪልኝ።»

 በዚህ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አማች ነው፤ ሰርጉም ሐዘኑም አንድ ነው። ዘመኑ ግን ክፉ ነው፤ የአንድ ሰው ደም የሰፈር እሳት ለመሆን የሚፈልገው አንድ ወሬ ብቻ ነው።

ይርዳው በእስር ክፍሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

«ቁልፉን ለምን ቀሙህ?»

«የወግዲን መንገድ ትርፍ ሰው ጭኜ ስነዳ አገኙኝ። እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስገባ ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ይላል፤ ወፍጮው ጸጥ ብሏል። ወድቀው አየኋቸው። አቅፌ ላነሳቸው ስል ደማቸው ልብሴ ላይ ፈሰሰ።»

«ስትገባ ያየህ አለ?»

«መስጊድ የሚሄደው ሰው ሁሉ አይቶኛል። ወላሂ አልነካኋቸውም።»

ወሎ ነውና፣ ሲጨንቀው ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ሆቴል ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ዒምራን የሐጂ የወንድም ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ሕፃን ነበር፤ ሐጂ ወስደው አሳደጉት፣ ደሴ አስተማሩት፣ ሆቴሉን አስረከቡት። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ቢሆንም የእንግዳ ወጉን አልረሳም፤ ሻይና ትኩስ ዳቦ አስቀረበላት።

«አባቴ ማለት ናቸው» አለ። «ትናንት ከዐስር ሰላት በኋላ ለሆቴሉ ዱቄት ፈልጌ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ስንዴ እየፈጩ አገኘኋቸው፤ ደህና ናቸው። ጆንያውን በገዛ እጃቸው አሸከሙኝ፣ መረቁኝ። ስወጣ ወፍጮው እየዞረ ነበር። ይርዳው ፊቱን አጥቁሮ ሲገባ አየሁት። ምነው ተመልሼ በነበር!»

ትህትና ዳቦውን ገመጠች። ጥርሷ መሃል አንድ ነገር ቀጭ አለባት። ሐዘንተኛ ፊት መትፋት ነውር ነውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በሶፍት ተቀበለችው፤ ደቃቅ ግራጫ ጠጠር ነው። ሁለተኛው ጉርሻም እንደዚያው ሆነ።

ስትወጣ ወጥ ቤት ጎራ ብላ ዳቦ ጋጋሪዋን ብዙዬን ጠየቀቻት።

«ይህ ዳቦ ከየትኛው ዱቄት ነው?»

«ጋሽ ዒምራን ትናንት አምሽቶ ካመጣው ነዋ። የቆየው አልቆብን ነበር። ለለቀስተኛው ሁሉ ከዚሁ ነው የጋገርኩት። ምነው፣ ከፋብሽ እንዴ?»

«ኧረ አልከፋኝም» አለች ትህትና።

አህመዲን ሱቁ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የዘይት መጭመቂያው ሸሪክ ነው፤ ከሐጂ ጋር ከተኳረፈ መሰንበቱን ከተማው ያውቃል።

«ቂም ነበረዎት ይባላል» አለችው።

«ቂም አይደለም፣ ክርክር ነው። ድርሻዎን ይሽጡልኝ አልኳቸው፤ እምቢ አሉኝ። እምቢ ባሉኝ ማግስትም አብረን ምሳ በልተናል።» ሳቅ ሞከረና አልሆነለትም። «ትናንት ከዙህር በኋላ ብቅ ስል የላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት አንስተው ይወቅራሉ። ‹ይህን ሁሉ ንግድ ይዘው ዛሬም ድንጋይ?› አልኳቸው። ‹ያበላኝ ይሄ ነው፤ ለሌላ እጅ አልሰጠውም› አሉኝ።»

የወፍጮ ድንጋይ እየፈጨ ሲውል ይለሰልሳል፤ እንዲሻክር በመዶሻ ይወቀራል። ትህትና የጥፍሮቻቸው ብናኝ ትዝ አላት።

«ከዚያስ?»

«ከዐስር ሰላት ስመለስ ወፍጮው ይጮህ ነበር። ጥቂት ጮኸና ዝም አለ። መግሪብ ገና ነው፤ ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ ነበር።»

ፈዲላ፣ የሐጂ ባለቤት፣ በሴቶች መሃል ተቀምጣለች። ትህትናን ስታይ ሴቶቹን በዓይኗ አስወጣቻቸው።

«እትዬ ፈዲላ፣ አላህ ያጽናዎት። ሐጂ ሰሞኑን አዲስ ነገር አስበው ነበር?»

«አስበው ነበር። ‹ሌላው ንግድ የዱንያ ነው፤ ወፍጮዋን ለአኼራዬ ላስቀምጣት› አሉኝ። ለቁርኣን ቤት ደረሶች ወቅፍ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ የአላህ ስጦታ፣ ሊያደርጓት ነው። ‹ለዒምራን ዛሬ እነግረዋለሁ› ብለው ነው ትናንት የወጡ።»

«ከተወቀረ ወፍጮ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት ምን ይደረጋል?»

ፈዲላ ጥያቄው ገረማት። «ለላሞቹ ነው እንጂ። ወፍጮዋ በተተከለች ዓመት አንዲት የወግዲ ሴት ዱቄቷን ተሸክማ ተመለሰች። ‹ለአራስ ልጄ ገንፎ ባገነፋላት ድንጋይ በላች፤ አላህ ይጠይቅህ› አለቻቸው። ሐጂ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ወላሂ ብለው ማሉ፤ ከተወቀረ በኋላ ቀድሞ የሚፈጨው የራሴ እህል ነው፣ እሱም ለከብት እንጂ ለሰው አፍ አይገባም ብለው። ይኸው መሐላቸውን እስከ ዛሬ አላፈረሱም።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«ወፍጮ ቤት የዋለ ሁሉ።»

«ዒምራንስ?»

«እሱማ ወፍጮውን አቧራ ነው እያለ መች ደርሶበት ያውቃል? ደሴ…» ፈዲላ ለምን እንደተጠየቀች ገባት። ትህትና ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ይህቺ ሴት በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ልትቀብር ነው፤ አንዱን በሕይወቱ። 

ከዙህር በፊት አዛዡ ሁሉንም የሐጂ ሳሎን ሰበሰበ። ከጎን ባለው ክፍል ሬሳው ታጥቦ ተከፍኖ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘዋል፤ ይርዳው በካቴና በር አጠገብ ቆሟል። ከውጭ የወጣቶች ጫጫታ ይሰማል። ትህትና ከሆቴሉ የመጣውን የዳቦ ትሪ መሃል አስቀመጠች።

«ከማውራቴ በፊት ቅመሱልኝ።»

ግራ እየገባቸው ቀመሱ። አንድ ሽማግሌ መንጋጋቸውን ያዙ። አህመዲን ማላመጡን አቆመ። ፈዲላ ቁራሹን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ተመለከተችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ዒምራን ዞረች።

«ድንጋይ ነው» አለች ትህትና። «ትናንት ሐጂ ወፍጮውን ወቀሩ፤ አቶ አህመዲን አይተዋል፣ እጃቸውም ይመሰክራል። ከዐስር በኋላ የመጀመሪያውን ስንዴ ፈጩ። ያ ዱቄት በመሐላቸው ለላሞች ነበር። ዛሬ ግን እኛ በላነው። ሆቴል ያደረሰው ዒምራን ነው።»

«እሳቸው ሰጡኝ ብያለሁ እኮ!» አለ ዒምራን። «አንድ የድንጋይ ፍርፋሪ ነው ገዳይ የሚያደርገኝ?»

«ፍርፋሪው አይደለም፣ ቃልህ ነው። በገዛ እጃቸው አሸከሙኝ፣ መረቁኝ ብለሃል። ሐጂ በእግራቸው ቆመው፣ አፋቸው እየተናገረ ያ ጆንያ ለሰው አይወጣም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን መሐላ ለአንተ ዳቦ ብለው አያፈርሱም። ስለዚህ ዱቄቱን ስትወስድ መከልከል የማይችሉ ነበሩ። ስወጣ ወፍጮው ይዞር ነበር፣ ይርዳውም ሲገባ አየሁት አልክ። ወፍጮው ግን ከመግሪብ በፊት ቆሟል፤ ይርዳው በአዛን ሲገባ ለሰላት የሚሄደው ሁሉ አይቶታል። ወፍጮውን ያጠፋኸው አንተ ነህ። ልብስህ ዱቄት ለብሶ ነበርና መንገድ ላይ ሰው እንዳይጠይቅህ ጆንያውን ተሸከምክ። ዱቄት የተሸከመን ሰው ዱቄት ለበስክ የሚለው የለም።»

ዒምራን ሽማግሌዎቹን በተራ አየ፤ ዓይኑን የተቀበለው አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«መግደል አላሰብኩም» አለ። «አስፋልቱ በወፍጮው ደጅ ሊያልፍ ነው። እናፍርሰውና ፎቅ እንሥራ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው። ትናንት ‹ለአላህ ሰጥቻታለሁ› አሉኝ። ‹እኔስ?› ብዬ ኮሌታቸውን ያዝኩ። ሊያስለቅቁኝ ሲታገሉ ገፋኋቸው፤ ጭንቅላታቸው የወፍጮውን ብረት መታ።»

«ስትወጣ ነፍሳቸው ነበረች?» አለች ፈዲላ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ዒምራን ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ መለሰ። «ጆንያውን ሳነሳ እጃቸውን አወዛወዙ። አትሂድ፣ ሰው ጥራልኝ የሚሉኝ መሰለኝ። ፈራሁና ወጣሁ።»

«አይደለም» አለች ፈዲላ። «ሰው አስጠርተው ሊተርፉ አልነበረም። ዱቄቱን ነው የከለከሉህ። ለሰው እንዳታበላው ነው።»

 ከዚያ አህመዲን ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

አዛዡ የይርዳውን ካቴና ፈትቶ ለዒምራን አጠለቀለት። ዒምራን በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«እማ፣ ቃሬዛውን ልያዝላቸው። እስከ ደጅ ብቻ።»

ፈዲላ ወደ ይርዳው ተመለከተች።

«ልጄ፣ የፊቱን አንተ ያዝልኝ» አለችው። «ወድቀው ያነሳሃቸው አንተ ነህ።»

አዛን ሲል ሽማግሌዎቹ ቀድመው ደጅ ወጥተው ለወጣቶቹ የሆነውን ነገሩ፤ ጫጫታው ረገበ። ቃሬዛው ሲወጣ መንገድ ለቀቁ። ይርዳው ደም የነካውን ልብሱን ሳይቀይር ከፊት ይዞ ይሄዳል። ትህትና ወደ ኋላ ቀርታ ሳሎኑን አየች። ፈዲላ ትሪው አጠገብ ተንበርክካ የዳቦውን ቁራሽ ሁሉ፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ሳይቀር፣ በነጠላዋ ጫፍ ትሰበስባለች።

«ላግዝዎት?» አለቻት።

«እስቲ የጓሮውን በር ክፈችልኝ» አለች ፈዲላ። «ላሞቹ ዛሬ አልበሉም።»