ከቦው ወንዝ የተረፈው ዛጎል

በ፳፻፭ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ፲፬ ቀን፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ቦውና ኤልቦው የተባሉት ሁለቱ የካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ወንዞች ከሮኪ ተራሮች የወረደውን ዝናብ መሸከም አቅቷቸው ገነፈሉ፤ የመሐል ከተማው መብራት ጠፋ፣ ባቡሩ ቆመ፣ የወንዝ ዳር ነዋሪውም ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ውሃው ያልደረሰባቸው የሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች፣ ታራዴልና ስካይቪው ራንች፣ ለተፈናቃዩ በራቸውን ከፈቱ፤ ቀሲስ ኪራኮስም የደብሩን ምእመናን በስልክ እየጠሩ፣ እገሌ ከእገሌ ቤት ይረፍ እያሉ ደለደሉ።

በዚህ ድልድል ነው እንግዲህ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር መሪ፣ ሙሴ የሚሏቸው እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ስንት ቤት ባለበት ከተማ፣ ታራዴል የፈትለወርቅ ደጃፍ ላይ የወረዱት። ቀሲስ ለከተማው አዲስ ነበሩና የሁለቱን ነገር አያውቁም፤ ቢያውቁማ እሳትና ጭድ አንድ ጣራ ሥር አያሳድሩም ነበር። ፈትለወርቅ በሩን ከፍታ ስታያቸው ደሟ ፈላ። ቢሆንም ሻንጣቸውን ተቀብላ፣ ይግቡ እትዬ፣ ቤት ለእንግዳ አለቻቸው።

የደሟ መፍላት ያለ ነገር አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት ፎረስት ሎን በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትኖር፣ ሎሬታ የምትባል አሮጊት ጎረቤት ነበረቻት፤ ትውልዷ ከኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ ፑዌብሎ ከሚባሉት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሲሆን፣ በወጣትነቷ አንድ የካልጋሪ ፈረሰኛ አግብታ መጥታ እዚሁ የቀረች ናት። ፈትለወርቅ ከሺፍት ስትመለስ ፀጉሯን ታበጥርላት፣ ሾርባም ታቀምሳት ነበር። አሮጊቷ ልጅ አልነበራትምና መሞቻዋ ሲቃረብ እናቷ የሠራችውን የአንገት ጌጥ አውልቃ ለፈትለወርቅ አጠለቀችላት።

ያ ጌጥ ከሩቅ ባሕር በንግድ የመጣ ዛጎል ነው። እናትየው ዛጎሉን ሰባብራ፣ ስባሪውን አንድ በአንድ በእጅ መሰርሰሪያ በስታ፣ በክር ሰክታ፣ ክሩን ወጥራ ሸካራ ድንጋይ ላይ በውሃ እያንከባለለች ስትሞርደው ከርማለች፤ ፍሬዎቹ በማጅራት በኩል ከጤፍ እምብዛም የማይበልጡ፣ ወደ ደረት ሲወርዱ ግን እየሰፉ የሚሄዱ፣ በመካከላቸውም አልፎ አልፎ ሰማያዊ ድንጋይ የገባባቸው ነበሩ። በጣት ሲዳብሱት መጋጠሚያው አይታወቅም። ሎሬታም፣ አጥልቂው እንጂ እንዳትደብቂው ብላ አደራ አለቻት።

ፈትለወርቅ ያን ጊዜ የእትዬ ፀሐይወርቅ ልጅ የቴዎፍሎስ እጮኛ ነበረች፤ ሽማግሌ ተልኳል፣ የሠርጉም ቀን ተቆርጧል። ሠርጉ ሲቃረብ እትዬ ለጥየቃ መጡና ጌጡን መስተዋቱ ጎን ተሰቅሎ አዩት። ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የአባት ነው፤ እሳቸው ግን አልጠየቁም። ጨሌ ነው አሉ! ማኅበሩን ሰብስበው፣ ይህች ልጅ ውቃቢ ታመልካለች፣ በልጄም ላይ መድኃኒት አድርጋበታለች አሉ፤ ጌጡን ወስደውም ቦው ወንዝ ጣልኩት ብለው ማሉ። ቴዎፍሎስም እንደ ወንድ መቆም ሲገባው በእናቱ ቀሚስ ተሸሸገ፤ ኋላም ቶሮንቶ ሄዶ ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲያ ከማኅበሩ ሴቶች በፈትለወርቅ ቤት እህል የቀመሰ የለም፤ ለልጁ የክርስትና እናት ሁኚኝ ያላትም የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ሠራች፣ ቤትም ገዛች፤ ቂሟን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስጾመችውም።

እትዬ በመጡ ማግስት፣ ረጥቦ የመጣ ልብሳቸውን ድራየር ልታስገባ ቤዝመንት ወርዳ ሻንጣውን ከፈተች። ከልብሱ ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የእንጨት መስቀል የታሰረበት ነገር አገኘች። ስትፈታው ያ ጌጥ ነው። ዓይኗን ባታምን እንኳ ጣቷ አወቀው፤ ይዛው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል እትዬ ፀሐይወርቅ ከፊቷ ቆመዋል።

«ወንዝ መጣሉን ፈራሁት» አሉ እትዬ፤ «ጨሌ የጣለ ሰው በዘሩ ይመጣበታል ይባላል፤ ያለኝ ደግሞ አንድ ልጅ ነው። ጎርፉ ሲመጣም፣ ውሃ ቢወስደው እንደ ጣልኩት ይቆጠርብኛል ብዬ፣ የባሌን ፎቶ እንኳ ትቼ እሱን ይዤ ወጣሁ።»

ፈትለወርቅ ሳቅ አመለጣት፤ የደስታ ሳቅ እንዳይመስላችሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላስጨረሷትን ያን ጊዜ አስጨረሷት፤ ስለ ሎሬታና ስለ እናቷ፣ ስለ መሰርሰሪያውና ስለ ድንጋዩ ሁሉን ነገረቻቸው። እትዬ ሲሰሙ ሸክም የወረደለት ሰው ሆኑ፤ እያለቀሱ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው። የሰኔ ማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር፤ ቤታቸው ውሃ ገብቶበታልና ጽዋው እዚሁ ይሁን፣ እኔም በማኅበሩ ፊት ቆሜ ስምሽን አነጻለሁ፣ ጌጥሽንም በሰው ፊት አጠልቅልሻለሁ ብለው ቃል ገቡላት። እሷም እሺ አለች፤ ጌጡንም እንደነበረ ጠቅልላ እስከዚያው እርስዎ ዘንድ ይቆይ ብላ መለሰችላቸው።

እሺ ማለቷስ ከልቧ ነበር። ነገር ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ሌላ ታስብ ጀመር። እትዬ ቆመው ይናዘዛሉ፤ ሴቶቹም፣ አቤት ትሕትና፣ እንዲህ ነው እንጂ ክርስቲያን እያሉ ያለቅሱላቸዋል፤ የሚከበሩትም እሳቸው፣ የሚመሰገኑትም እሳቸው! የእሷ የተበተነ ሠርግ፣ ብቻዋን የፈሰከችው ፋሲካ ሁሉ፣ የእትዬ መመስገኛ ሊሆን ነው። ይህን ስታስብ ምራቋ መረራት።

ሰኔ ፳፩ ቀን ሴቶቹ የሐዋርያት ጾም ስለገባ ሽሯቸውንና ጎመናቸውን ይዘው መጡ፤ እህሏን ሲጸየፉት የነበሩት ሁሉ በሳሎኗ ተደርድረው ተቀመጡ። ቀሲስ ኪራኮስ ጸሎት አድርሰው ጽዋው ሳይዞር እትዬ ፀሐይወርቅ ተነሡ። እኅቶቼ፣ የምነግራችሁ አለኝና ዛሬ ስሙኝ ብለው ሲጀምሩ፣ ፈትለወርቅ ከእትዬ ሻንጣ ያወጣችውን ጥቅል ይዛ ከጓዳ ወጣችና ቀሲስ ኪራኮስ ፊት ፈታችው።

«አባቴ፣ ይህ ከእትዬ ሻንጣ የወጣ ነው» አለች፤ «ወንዝ ጣልኩት ብለው ለማኅበሩ የማሉበት፣ እስከ ዛሬ ግን ከቤታቸው ያላወጡት።»

ቀሲስ ግራ ተጋብተው ምንድን ነው ልጄ ብለው ጠየቋት። እትዬ ፀሐይወርቅ አልደነገጡም፤ እውነቱን ልትናገርላቸው መስሏቸው በተስፋ ዓይን ያይዋት ነበር።

«ጨሌ ነው» አለች ፈትለወርቅ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ዛጎል ነው አላልሽኝም?» አሏት በሹክሹክታ።

«ጨሌ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከእርስዎ ነው የተማርኩት።»

ማኅበሩ ሲታወክ ቀሲስ ሁከቱ ይብረድ ብለው ጌጡ ላይ ጠበል ረጩበትና ወደ ጓሮ አስወጥተው በመዶሻ አስደቀቁት። ፈትለወርቅ በመስኮት ስታይ ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፤ ደስ አላት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ሙሴነታቸውን ተሽረው፣ ቤታቸውም ሳይጠገን ወደ ልጃቸው ወደ ቶሮንቶ ሄዱ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናው ግን ሁለቱንም ሰፈረ። ፈትለወርቅ እሳቸው ከተዋረዱ ስሜ ይነጻል ብላ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ያወሩት ሌላ ነው። ጌጡ የማን እንደነበር ያውቁ የለ! እትዬ ደበቁት እንጂ የጌጡ ባለቤትማ ጨሌ መሆኑን በአፏ መሰከረች አሉ። ያን ቀን የተቀመጡበትን ሳሎን ዳግም የረገጠ የለም።

ዓመታት አልፈው ቴዎፍሎስ ከቶሮንቶ ደወለላት። እናቱ ማረፋቸውን ነገራት፤ እሱን ራሱን ባመመው ቁጥር ያ የደቀቀው ነገር መጣበት እያሉ ሲያለቅሱ እንደኖሩ፣ በዚያው ፍርሃት እንደሞቱም ነገራት።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ምን ነበር?»

«የአንገት ጌጥ ነበር።»

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለችው፤ ስልኩንም እሱ ዘጋው።

የካልጋሪ ከተማ ጎርፉን አልረሳውም፤ ስንት ሺህ ሰው እንደተፈናቀለ፣ ስታምፒድ የተባለው የፈረሰኞች በዓል ከጭቃ ወጥቶ በቀኑ እንዴት እንደተከፈተ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንዴት እንደደረሰ በኩራት ይተረካል። የማርያም ማኅበርም ያን ዘመን የጨሌው ዓመት ይለዋል፤ አዲስ ለሚገቡ ሴቶችም እንዲጠነቀቁ ይነግራቸዋል። ታሪክ የያዘው ይህንኑ ነው፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ይቅርታ ሊጠይቁ ተነሥተው እንደነበር ማኅበሩ አያውቅም፤ የምታውቀው ፈትለወርቅ ብቻ ናት፣ ለማንም አልተናገረችም።