ከኋላዬ የነበረው ደወል

እናቴ ለብስክሌተኛ እንደማትድረኝ ቁርጡን ስትነግረኝ፣ ሊያገባኝ ከሚፈልገው ባለመነጽር ብስክሌተኛ ጋር አንድ የመጨረሻ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ሄጄ እዚያው ልሰናበተው ወሰንኩ። እናቴን አልፈርድባትም። ታላቅ ወንድሜን ያጣችው ልንሄድበት ባሰብነው በዚያው መንገድ ላይ፣ ብስክሌት ሲነዳ፣ በወጀብ ነው።

ባለመነጽሩን ያወቅኩት የብስክሌት ሰንሰለት የበላውን ሱሪ ሊያሰፋ ልብስ ስፌት ቤቴ የመጣ ዕለት ነው። ጠቀምኩለት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ እግር ቀዶ መጣ። ሰንሰለት እንዲህ እንደ መቀስ ቀጥ አድርጎ ይቀዳል ወይ ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፤ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

መንገድ ላይ ወንድሜ ያስተማረኝ ደንብ ነበረን። በዝናብ ዞሮ ማየት አደገኛ ስለሆነ፣ ከኋላ ያለው አንዴ ይደውላል፣ ከፊት ያለው ሁለቴ ይመልሳል። አለሁ ማለት ነው።

የዚያን ቀን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ ጠቆረ። ነፋሱ ድንገት ቆመ፤ የወፍ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ከዚያ በረዶው ወረደ፣ የራሴን ጎማ ማየት ተሳነኝ። ደወሉ ግን ከኋላዬ አልተለየም፤ አንዴ ረዘም፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ አጭር። ጣቱ በርዶት ይሆናል ብዬ እየመለስኩለት ወረድኩ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ደወሉ ጆሮዬ ሥር ጮኸ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ከፊቴ የነበረውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ደወሉ ግን ከባዶው መንገድ ይሰማል። ቢሆንም ሁለቴ እየደወልኩ መመለሴን አልተውኩም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ባለመነጽሩ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። መነጽሩ የለም፤ ጉልበቱ ይደማል።

«ስትደውል እኮ አጠገቤ ያለህ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«እኔ?» መሪውን አሳየኝ። ደወሉ ተገንጥሎ ጠፍቷል። «ገና ከላይ ስወድቅ ነው የተሰበረው። መነጽሬም አብሮ ሄደ። ያንቺን ደወል እየተከተልኩ ነው የደረስኩት። ዝም ብትዪ ገደል ገብቼ ነበር።»

ታዲያ ለማን ስመልስ ነበር? እጁን ያዝኩ። ልሰናበተው ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ፤ እወደው ነበርና።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ የጭነት መኪና መለሰን። እንደረጠብን እቤት ገባን። እናቴ አንሶላ ታጣጥፋለች፤ እሱን ቀና ብላም አላየችው። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

«እንዴት ነበር የሚደውለው?» አለች በመጨረሻ።

«አንዴ ረዘም፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ አጭር።»

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። እንደነገረችን፣ ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ከደጅ ሆኖ እንደዚያ ይደውልላት ነበር። እማዬ ደረስኩ ማለቱ ነው።

በሩን አየች። ከዚያ ወደ ባለመነጽሩ ዞረች።

«እሱ ካመጣህ እኔ አልመልስህም» አለችው። «ና ተቀመጥ ልጄ፣ ጉልበትህን ልጠብልህ።»