እጅ ያልደረሰው ትርታ

ዘርፌ የጠዋቱን ደመና መዝግባ ስትጨርስ፣ የልብ ትርታዋን የሚያነበው አምባር ሠላሳ ስምንት አለ።

ከቦረና ሜዳ ስምንት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በተንጠለጠለው የዝናብ ጣቢያ ብቻዋን መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከአንገቷ አጥንት በታች «ምት አጋር» የሚሉት ባቄላ የሚያህል መሣሪያ ተቀብሯል። ልቧ በደቂቃ ከስልሳ ምት ልውረድ ሲል ጎንተል ያደርገዋል። ታዲያ ሠላሳ ስምንት ከየት መጣ?

አምባሩን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መልሳ አሰረችው። ሠላሳ ዘጠኝ። በጣቷ አንጓዋን ይዛ ቆጠረች። ያው ነው።

ወደ ምድር ደወለች። የክሊኒኩ ማሽን ወዲያው መለሰላት።

«ምት አጋርዎ ደህና ነው። በደቂቃ ሰባ ስድስት ምት መዝግቧል።»

«እጄ ላይ ግን ያለው ግማሹ ብቻ ነው!»

«መሣሪያዎ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ሰው አገናኘኝ።»

«ሰው ለማግኘት አምስት ሰዓት ይጠብቃሉ።»

ጠበቀች። እሷን የምታወርደው መንኮራኩር የምትመጣው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ወለሉን ጠረገች፤ የታጠበ ቀሚስ ለበሰች። ሞታ ብትገኝ እንኳ ተዝረክርካ መገኘት አልፈለገችም።

በመጨረሻ ዶክተር ኦብሴ፣ ድካም ፊቷ ላይ የሚነበብ ወጣት ሐኪም፣ በስክሪኑ ብቅ አለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ የልብዎን ምት ከመሣሪያው እየሰማሁ ‹አለ› እላለሁ። እርስዎ አንጓዎን ይያዙና እጅዎ ላይ ሲደርስ ‹መጣ› ይበሉ።»

ዘርፌ አንጓዋን ያዘች፤ ሐኪሟ ጀመረች።

«አለ።»

«መጣ።»

«አለ።»

ዘርፌ ዝም።

«አለ።»

«መጣ።»

«አለ።»

አሁንም ዝም።

አንድ ደቂቃ ሲሞላ ኦብሴ ፈገግ አለች። «ማንም አልዋሸም። ልብዎ አንዱን ምት በደንብ ይመታና በቀጣዩ ይቸኩላል። ደም ሳይሞላ ስለሚመታ ያ ምት ጉልበት አጥቶ እጅዎ ሳይደርስ ይቀራል። መሣሪያው ሁሉንም ይቆጥራል፤ አምባሩ የደረሰውን ብቻ። ያዞርዎታል? ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም።»

«እንግዲያው ለጊዜው አያስደነግጥም። መድኃኒትዎን አስተካክላለሁ፤ ሲወርዱ በደንብ እናየዋለን። ካዞረዎት ግን የአደጋውን ቁልፍ ይጫኑ፤ እሱ ወረፋ የለውም።»

ዘርፌ በረጅሙ ተነፈሰች። አለቀ። ከሐኪሟ ጀርባ ባለው መስታወት ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስም ተደርድሯል። ኦብሴ መስመሩን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች።

«ዶክተር… አንዴ እንደገና ብንቆጥረውስ? ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ።»

አልተሳሳተችም። ሁለቱም ያውቃሉ። ኦብሴ የማታውቀው ነገር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘርፌ አንድ ቃል እስክትል ድረስ ትንፋሹን ይዞ የጠበቃት ሰው እሷ ብቻ መሆኗን ነው።

ወጣቷ ወደ ስሞቹ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ጣትዎን ይመልሱ እንግዲህ» አለች። «አሁን ሳንቸኩል ነው።»