ዋስ የተጠራለት ውሃ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። የበረደው ልብሱን ደረብ ያድርግ።

ይህን ያየችው አክስቴ ወለተሰንበት ናት። ሰምታ አይደለም፤ በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ ነው። እኔም የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ክረምት ነበር። ቦታው ከልደታ ማርያም ቁልቁል፣ ያኔ ገብስና ጎመን የሚዘራበት ሜዳ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ከአክስቴ ማሳ በላይ ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚያስፈልጡበት ትልቅ ጉድጓድ ነበር። ሲቆፍሩ ሲቆፍሩ አንድ ቀን ውሃ ከሥር ፈነዳባቸው። ሠራተኞቹ ወጡ ተባለ።

ሁሉም ወጡ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ውሃውን በሞተር እየሳቡ ቁልቁል ለቀቁት። ወደ አክስቴ ማሳ።

እንደ ኖራ የነጣ ውሃ ነው። የነካው ጎመን በቁሙ ነጣ። ገብሱም ነጣ። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም፤ የቀረቻት ያቺው መሬት ብቻ ነበረች። አክስቴ ግን አላለቀሰችም።

"እንባው አልመጣልኝም" ትለኝ ነበር። "እጄን ብቆነጥጠው እንኳ አያመኝም።"

በአገራችን ደንብ ውሃውን በሰው እርሻ ላይ የለቀቀ ካሳ ይከፍላል። ስለዚህ የድንበር ሽማግሌ የነበሩትን አያ ሙለታን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወጣች።

የሠራተኞቹ ካቦ ኃይለመለኮት የሚባል የሰንጋ ተራ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም... ብቻ ሰው ከሳቀለት ማቆም አያውቅም።

"ካሳዬን" አለችው።

"ከማን?"

"መሬቴን ከገደለው።"

"እኔ ማሳሽን ረግጫለሁ? ፈረንጁስ ረግጧል? የገደለው ውሃው ነው፣ እሜቴ። እሱን ክሰሺዋ!"

ሠራተኞቹ ሳቁ።

አክስቴ አልተቆጣችም። ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለችና የነጠላዋን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረችው።

"በሕግ አምላክ" አለች ቀስ ብላ። "ተቆራኝቼሃለሁ።"

ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ፣ ወይም ተከሳሹ ዋስ እስኪጠራ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ።

"ተይ ልጄ" አሉ አያ ሙለታ በሹክሹክታ። "ከማታውቂው ጋር አትታሰሪ። ዛሬ የሚፈታሽ ዳኛ ከየት ይመጣል?"

ነጠላዋን ሳበችው... አልመጣም።

ድንጋይ ይዞት ይሆናል ብላ ደግማ ሳበች።

ከወዲያ በኩል... ቀስ ብሎ... ሳባት።

ሞተሩ ቆሟል። ውሃው ግን ይወርዳል። ድምፅ የለውም።

ካቦው ይህን አላየም። "ኧረ ሴትዮዋ ከውሃው ጋር ልታድር ነው!" ብሎ ሠራተኞቹን አሳቃቸው። "ልቀቂው በቃ! ዋሱ እኔ ነኝ። ለመጪው ልደታ አቀርበዋለሁ፤ ባላቀርበው ካሳውን ከእኔ!"

"ዋስ ነኝ አልክ?" አሉት አያ ሙለታ።

"ነኝ አልኩ እኮ፣ አባቴ!"

ነጠላው ወዲያው ተለቀቀ።

አክስቴ ጫፉን አነሳችው። ቋጠሮ አለበት።

እሷ አልቋጠረችውም።

አያ ሙለታም አዩት። "ነይ እንሂድ" አሉ። "ዞረሽ እንዳታይ።"

ከዚያ ወዲህ ካቦው ሳቅ ተወ። ሲሄድ አንድ ትከሻው ዘንበል ይላል፤ ልብሱን የያዘው ሰው ያለ ይመስላል። ዝናብ በሌለበት ቀን የጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል። አግዳሚ ላይ ሲቀመጥም ከጎኑ ቦታ ይተዋል...

ልደታ ሲቃረብ አክስቴ ደጅ መጣ።

"እሜቴ... ክሱን ተይልኝ።"

"ምን ሆንክ?"

"ጠዋት ስነሳ ከጎኔ ያለው መደብ እርጥብ ነው። ሰው የተኛበት ቅርጽ አለው..."

"ማሳዬስ?"

የጋቢውን እርጥብ ጫፍ ጨመቀ።

"ማሳዬስ፣ ኃይለመለኮት?"

ዞሮ ሄደ። አክስቴም በሩን ዘጋች። አላዘነችም፣ ደስም አላላትም። እንዲያው በሩን ዘጋች።

የልደታ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉም ወርዶ ነበር። ወደ ማሳዋ ብትወርድ ውሃው የለም። ቦዩ ደርቋል። ከነጩ ጭቃ ሥር ጥቁሩ አፈር ብቅ ብሏል።

ጭቃው ላይ ዱካ አለ።

አንዱ የካቦው ጫማ ነው። ከደጇ በኩል መጥቶ ማሳዋ መሃል ይቆማል። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይወጣል... ያን ጊዜ ግን ከጎኑ የባዶ እግር ዱካ አለ። ትከሻ ለትከሻ፣ እንደ ቁራኛ።

ባዶ እግሩ ከየትም አልመጣም። ከማሳዋ መሃል ነው የጀመረው።

ወደ ታች የተመለሰ ዱካ የለም።

ጉድጓዱ እስከ ወለሉ ደርቆ ተገኘ። ካቦው የለም። ጋቢው ብቻ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ከአንድ አሮጌ፣ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ሸማ ጋር ተቋጥሮ።

በዓመቱ ማሳው አረንጓዴ ሆነ። አክስቴ ከዚያ ገብስ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።

ነጠላዋ ዛሬ እኔ ሳጥን ውስጥ ነው። ቋጠሮውን የፈታው የለም። ቅድም እናንተ ሳትመጡ ዳሰስኩት...

እርጥብ ነው።

የኃይለመለኮት እናት የምትቀብረው አላገኘችም፣ ልጆቼ። ልደታን ስትሳለሙ ስሙን አስታውሱልኝ።