የራደን ሱርዮዲፑሮ መኪና ለምን ተቃጠለች

በ1948 ዓመተ ፈረንጅ፣ በኅዳር ወር፣ ሆላንዶች የኢንዶኔዢያ አርበኞች መዲና የነበረችውን ዮግያካርታን ከበው መንገዱን ሁሉ ዘግተው ነበር፤ ቤንዚን ከከተማይቱ ስለ ጠፋም መኪና ሁሉ ከሸንኮራ አገዳ በተጣራ አልኮል ይነዳ ጀመር፤ ስለዚህም ጎዳናው ቀኑን ሙሉ መሸታ ቤት መሸታ ቤት ይሸት ነበር፤ ሹፌርና ሰካራምን በጠረን መለየት ቀረ። የተረፈችው ጥቂት ቤንዚን ለቁስለኛ ማመላለሻ ብቻ እንድትውል፣ አንዲት ጣሳ የደበቀም እንደ ጠላት እንዲቆጠር የሚያዝ አዋጅ በየግንቡ ተለጥፎ ነበር።

በዚያ ወር በአንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ የስንቅና ትጥቅ ሹሙ፣ ራደን የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ያላቸው ሱርዮዲፑሮ፣ የጢማቸው ግራ ጎን ተለብልቦ፣ ግማሽ ፊቷ የጠቆረ መኪናቸውን በስድስት ወታደር እያስገፉ ወደ ላስትሪ ጋራዥ መጡ። ላስትሪ ቀድሞ ባቲክ በሚባለው፣ በሰም ተሥሎ በሚቀለም ጨርቅ ላይ ሰም ታፈስስ የነበረች ሴት ናት፤ ባሏን በጦርነቱ ጊዜ አገሩን የያዙት ጃፓኖች ለሐዲድ ሥራ ወስደውት ሳይመለስ ስለ ቀረ መፍቻውን አነሣች፤ ከእርሱ ይልቅም በረታች ይባላል።

«አንቺ ሰም አቅላጭ! በጥገናሽ ከነነፍሴ ልታቃጥዪኝ ነበር!» አሉ ራደን።

«የተቃጠለውስ ጢምዎ ነው ጌታዬ፤ እርስዎማ ደኅና ነዎት።»

«ትሳለቂያለሽ? መቶ አለቃ፣ ትሰማለህ? ይህች የሆላንድ ሰላይ ናት! እዚሁ ግንቡ ሥር ትረሸን!»

አብሯቸው የመጣው የጦር ፖሊሱ መቶ አለቃ ሃርጆኖ የቅርንፉድ ሲጋራውን እያጤሰ ሽጉጡን አወጣ። «በመጀመሪያ ኮፈኑን ትክፈተው፤ ጥፋቷን በዓይኔ ልይ። ሴትዮ፣ እጅሽ ለተንኮል ከተንቀሳቀሰ እተኩሳለሁ።»

«ይተኩሱ፤ ሲጋራውን ግን ያጥፉት፤ አለዚያ ሁላችንም አብረን ነን የምንሄደው።»

አጠፋው፤ በጣም ተናዶ አጠፋው።

ላስትሪ ኮፈኑን ከፈተች። የቱቦውን መጋጠሚያ በጣቷ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ወደ ካርቡሬተሩ የሚወስደውን ቧንቧ ጥቂት ብትከፍት ነዳጁ ከላይ ሞልቶ ገነፈለ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታችና ከውስጥ እንቁላል የምታህል የነሐስ ተንሳፋፊ አወጣች፤ ይህች ባዶ ሆና ነዳጁ ላይ ስትንሳፈፍ መግቢያውን ትዘጋለች፤ ውስጧ ከሞላ ግን ትሰጥማለች፣ ነዳጁም ያለ ከልካይ ይፈስሳል። ላስትሪ በጆሮዋ አጠገብ ብትንጣት ቦጭ ቦጭ አለች።

«ጠጥታለች። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ነበረቻት፤ የብየዳ እርሳስ ስለሌለ በንብ ሰም ደፍኜላት ነበር።»

«በሰም!» ራደን አጨበጨቡ። «በራሷ አፍ አመነች!» ወታደሮቹም ሳቁ።

«አራት ወር ይዟል ጌታዬ። አልኮል ሰምን አይነ...»

ሳትጨርሰው ቀረች። ሽንቁሯ የተላሰች ያህል ጸድታለች። ከጨርቅ ላይ አልለቅ ያለ ሰም በምን እንደሚለቅ የባቲክ ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ በቤንዚን ነው። የተቃጠለው ጎማ ሽታ ሁሉን ሸፍኖት ነበር እንጂ አፍንጫም በነገራት። እንግዲህ ዝም ብትል ሰላይ ተብላ ትረሸናለች፤ ብትናገር ደግሞ የከተማይቱን ስንቅ የያዙትን ሰው ሌባ ማለቷ ነው።

«ምነው አፍሽ ተያዘ?» አላት መቶ አለቃው።

«ውሃ ስጡኝ።»

አንዱ ወታደር በኮኮናት ቅል አመጣላት፤ ራደን በእርግጫ ደፉት። «ማዘናጊያ ነው! ምን ትጠብቃለህ?»

መቶ አለቃው የተደፋውን ውሃ አየ፤ ራደንን አየ፤ ከዚያም ቅሉን አንሥቶ ከራሱ ኮዳ ሞላው። ላስትሪ በተንሳፋፊዋ ውስጥ የነበረውን ጠብ ጠብ አደረገችበት። አልኮል ቢሆን ኖሮ እንደ ስኳር ሟሙቶ በጠፋ፤ ይህ ግን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የቀስተ ደመና ቀለም ዘረጋ።

«ይህ ቤንዚን ነው። ሰሙን የበላው እሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ከወታደሮቹ አንዱ፣ «ወንድሜን ወደ ሐኪም ቤት በበሬ ጋሪ ነው የወሰድነው፤ ቤንዚን የለም ብለውን» አለ፤ መንገድ ላይ መሞቱን ጓደኞቹ ያውቁ ነበርና አልጨመረም።

«ጠንቋይ ናት!» ብለው ጮኹ ራደን።

«የመኪናዋን የነዳጅ ቋት ቁልፍ ያምጡ» አላቸው መቶ አለቃው፤ ከዚያ ወደ ላስትሪ ዞሮ፣ «በሰም መጠገንሽንም እጽፈዋለሁ» አላት። ምስጋና ብሎ ነገር የለም።

ቋቱ ውስጥም ቤንዚን ተገኘ፤ ራደን ታሰሩ። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ሆላንዶች በፓራሹት ከሰማይ ወረዱ፤ ከተማይቱ ተያዘች፤ እስር ቤቱ ተከፈተ፤ መዝገቡም ተቃጠለ። መቶ አለቃው ወደ ኮረብቶቹ ሲያፈገፍግ ወደቀ፤ ወንድሙ የሞተበት ያ ወታደርም ከዚያ ወዲያ አልታየም። ከነፃነት በኋላ በታተመ የአርበኞች መጽሐፍ ውስጥ ግን ራደን ሱርዮዲፑሮ «መኪናቸው እንኳ ስለ ነፃነት የተቃጠለች» ተብለው ተጻፉ፤ ከነፎቶግራፋቸው፤ ጢማቸውም ሙሉ ነው። ታሪክ የጻፈው ተርፎ የነገረውን ነው፤ ላስትሪም ተርፋለች፣ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት ልጅ አነበበችላት። ላስትሪም እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «መቃጠሏስ እውነት ነው» አለች።